ቆብ ሳልጭን በሲስተሮቹ ቤት

ወደ ወለጋ እንደምሄድ ስነግረው አባቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ልትመነኩሺ ነው?» ብሎ ነበር።

«አይ፣ ቆብ አልጭንም። እዚያ ካሉት ሲስተሮች ጋር እየኖርኩ ክሊኒካቸውን ልረዳ ነው።»

«በደሞዝ?»

«ደሞዝ የለውም። ማደሪያና ምግብ ይሰጡኛል።»

ጋዜጣውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ «እና ሰው ሲጠይቀኝ ልጄ ምን ሆነች ልበል?» አለኝ።

እናቴ ካቶሊክ ነበረች፤ አባቴ ደግሞ የተዋሕዶ ልጅ። እሷ ከሞተች በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሲስተሮች በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አደግሁ፤ ከዚያም የድሬሰርነት ኮርስ ጨረስኩ። በጃንሆይ ዘመን ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት ደግሞ እንደ ሐኪም የሚጠበቅ ሰው ነበር። አባቴ እንደገና አግብቶ ቤቱ በትንንሽ ልጆች ተሞልቷል። የእንጀራ እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ብቻ እኔ ስገባ የተጀመረ ጨዋታ ይቋረጥ ነበር። አንድ ቀን የድሮ አስተማሪዬ፣ ነቀምት ያሉት ሲስተሮች ክሊኒክ የምትረዳቸው ሴት እንዳጡ ስትነግረኝ፣ ሌላ ሰው የሚቀድመኝ ይመስል «እኔ እሄዳለሁ» አልኳት። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው አልኩ፤ ውሸትም አልነበረም። ግን የምፈለግበት ቤት አጥቼ እንደነበርም አውቃለሁ።

ጉዞው ሁለት ቀን ፈጀ። ወሩ ሰኔ ነበር። አምቦ እስክንደርስ ደህና ነበርን፤ ከባኮ ወዲያ ግን አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ እኛ ሴቶቹ ዳገቱን በእግራችን ወጣነው። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት መንገዱን ሙሉ በኦሮምኛ አጫወቱኝ። አንድም ቃል አልገባኝም። ሲስቁ እስቃለሁ፤ ፊታቸው ሲጠቁር ከንፈሬን እመጥጣለሁ። ሲሬ ላይ ሲወርዱ ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ማንም እንደዚያ አልሳመኝም።

ነቀምትን ያኔ ብዙ ሰው ለቀምት ነበር የሚላት። የሲስተሮቹ ግቢ ከገበያው በላይ፣ ቁልቁል ከተማውን በሚያሳይ ተዳፋት ላይ ነው። ከፊት ክሊኒኩ፣ ከጎን የስፌት ትምህርት ቤቱ፣ ከኋላ ደግሞ ረጅሙ የቆርቆሮ ቤት። አለቃቸውን ሁሉም «ማዘር» ነበር የሚሏቸው። አዲስ አበባ ለዓመታት የኖሩ፣ አማርኛቸው ከአንዳንድ አበሻ የሚሻል፣ ጀርባቸው መጉበጥ የጀመረ የውጭ አገር ሴት ናቸው። ሻንጣዬን ተቀብለው በረንዳው ጫፍ ላይ ያለች ክፍል አስገቡኝ፤ አልጋ፣ ወንበር፣ የመታጠቢያ ሳህን።

«ይኸ ያንቺ ነው። ጎረቤትሽ ስፌት የምታስተምረው ሴት ናት፤ እሷም እንዳንቺው መነኩሲት አይደለችም» አሉኝ። ከዚያ በረንዳው መሀል ያለውን አረንጓዴ በር አሳዩኝ። «ከዚህ በር ወዲያ ያለው የኛ ነው። ደንባችን ነው፣ ልጄ፤ እንዳትቀየሚ።»

አልተቀየምኩም። ግን በሩን መልመድ አቃተኝ። ሲስተሮቹ የሚበሉት፣ የሚያርፉት፣ የሚታመሙት ከበሩ ወዲያ ነው። ለእኛ ለሁለታችን ምግብ ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል ይቀርብልናል። ጸሎት ቤት ውስጥ እነሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ከማታው ጸሎት በኋላ እስከ ጠዋት ዝምታ ነው፤ ከመካከላቸው አንዷ በረንዳው ላይ ብታገኘኝ እንኳ ፈገግ ብላ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፋለች። ቀን ቀን አብረውኝ ቁስል ሲያጥቡ የዋሉ፣ የሳቁ፣ የተቆጡ ሰዎች ደወሉ ሲደወል ከእጄ ያመልጣሉ። ገና ሰማዩ ሳይጠቁር ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። ከታች ከከተማው የሰው ድምፅ ይመጣል፤ ከብት የሚያስገባ፣ ልጁን የሚጣራ። ሁሉም የሚጠራው ሰው አለው።

ክሊኒኩ ውስጥ የሚያስተረጉሙልኝ አንዲት የአገሩ ሴት ነበሩ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉ። ሁላችንም «አዴ» እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ «እመቤት» እንደማለት ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። አዴ እንደ አብዛኛው የከተማው ሰው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናቸው። የእኛን ጸሎት ቤት አንድም ቀን ገብተውበት አያውቁም፤ ሕመምተኛን ግን እንደሳቸው በትዕግሥት የሚያናግር አላየሁም።

ሴቶቹ ወረፋ ይዘው ሲቀመጡ እኔን እያዩ አንድ ነገር ይጠይቋቸዋል። አንድ ጠዋት «አዴ፣ ምን እያሉ ነው?» አልኳቸው።

«ባል አላት ወይ ይላሉ። የላትም አልኩ። መነኩሲት ናት ወይ አሉ። አይደለችም አልኩ።»

«ከዚያስ?»

የሚጠቀልሉትን ፋሻ እያዩ «ወላጆቿ ሞተውባት ነው አልኳቸው» አሉ።

«አዴ! አባቴ እኮ አለ።»

«አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ግን ያለ ባልና ያለ ቆብ ከሰው አገር የመጣችን ልጅ ሌላ በምን ላስረዳ? ይኸን ሲሰሙ ዝም ይላሉ፤ ያዝኑልሻል።»

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቶቹ እንቁላልና በቆሎ ያመጡልኝ ጀመር። እኔም አባቱ እንደሞተበት ሰው እየተቀበልኩ አመሰግናለሁ።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልናገር። አርባን ያለፈች፣ ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ ፈረንጅ ናት። ሲስተሮቹ ከአንድ አገር፣ እሷ ደግሞ ከሌላ አገር ስለመጣች ከእነሱም ጋር የምትግባባው በጥቂቱ ነው። እንግሊዝኛ አትችልም፤ አማርኛ አታውቅም። የእሷን ቋንቋ ደግሞ እኔ አላውቅም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚያች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጨው በማቀበል ብቻ ኖርን። ማንኪያዋ ሳህኑን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ እስኪያስጠላኝ ደርሼ ነበር። እሷም ሳትጠላኝ አልቀረችም።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ስቀመጥ፣ ፊቷ ቀላ ብሎ፣ «አካም ቡልቴ?» አለችኝ። የስፌት ተማሪዎቿ በየጠዋቱ የሚሏት ነው፤ እንዴት አደርሽ።

እኔም ከሕመምተኞቹ የለመድኩትን «ነጋ!» ብዬ መለስኩ። ደህና ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልነበረንም። ቀጥሎ እሷ ወደ እንጀራው እያመለከተች ስሙን በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። እኔ ውሃውን አነሳሁና «ብሻን» አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ አየኋት፤ የፊት ጥርሶቿ የተራራቁ ናቸው።

እንዲህ ሆኖ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅና አንዲት ፈረንጅ የሁለታችንም ባልሆነ ቋንቋ መነጋገር ጀመርን። እኔ ክሊኒክ የሰማሁትን ማታ አመጣለሁ፣ እሷ ከስፌቱ ቤት የለቀመችውን። የእኔ ቃላት የሆድ ሕመምና የትኩሳት ነበሩ፤ የእሷ ደግሞ የክርና የቀሚስ። አንቱታውን ለመለየት ትምህርታችን ገና ስላልደረሰ እድሜዋን ረስቼ አንቺ እላት ነበር። አዴ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ሲሰሙን በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እኔ መተርጎም የምችለው አማርኛውን ነው። ይኸን የእናንተን ግን ማንም አይችለውም» አሉ።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ፣ ከዲጋ ወዲያ ወደ ዴዴሳ በሚወርደው መንገድ ዳር ካለች ትንሽ የገበያ ከተማ ሰዎች መጡ። ወባ ሰውን እየጨረሰ ነው፤ እርዱን አሉ። ማዘር ተቸገሩ። በደንባቸው አንዲት ሲስተር ብቻዋን ውጭ ማደር አትችልም፤ ሁለት ቢልኩ ክሊኒኩ ሊዘጋ ነው። እኛን ጠሩን።

«ማስገደድ አልችልም፤ እናንተ ቃል የገባችሁበት ነገር የለም። ግን እናንተ ካልሄዳችሁ የሚሄድ የለም» አሉን።

ያን ጊዜ ከልቤ ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ፤ ለጎረቤቴ በዚያች በተሰባበረች ኦሮምኛ ሳስረዳት እሷም ሳታስጨርሰኝ ሻንጣዋን ልታወርድ ሄደች።

ማደሪያ የሰጡን አንድ ጉራጌ ባለሱቅ ናቸው፤ ከሱቃቸው ኋላ ያለችውን የዕቃ ክፍል። ክፍሏ ጨውና ላምባ ትሸታለች። ቀን ቀን ከሱቁ ፊት ባለው ዋርካ ሥር ሕመምተኛ እናያለን። እኔ እወጋለሁ፣ ክሎሮኪን የሚባለውን የወባ ኪኒን አድላለሁ፤ እሷ መርፌ ትቀቅላለች፣ የሚንቀጠቀጡትን በጋቢ ትጠቀልላለች፣ ሕፃናትን ትይዛለች። ትልልቅ እጆቿ ላይ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ማታ ከአንድ ትሪ እንበላለን። በር የለም፣ ደወል የለም። ዝናቡ ሲያቆም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለን እንጨዋወታለን፤ ባለሱቁ ሱቃቸውን ሲዘጉ ያልፉና «አሁንም አላለቀም?» ይሉናል።

እዚያ ነው ስለ ራሷ የነገረችኝ። እናቷን እስኪሞቱ ድረስ ለብዙ ዓመታት ስታስታምም ኖራለች። ከዚያ ወንድሟ ከነሚስቱ ቤቱን ወረሱና እሷ በልጅነት ቤቷ እንግዳ ሆነች። «ማንም ውጪ አላለኝም፤ ማንም ቁጭ በይም አላለኝም» አለች። በራሷ ቋንቋ ቢሆን አስጊጣ ትነግረኝ ይሆናል፤ ግን ያለን ቃል እፍኝ የማይሞላ ስለነበር ነገሩን ከነአጥንቱ ነው የነገረችኝ። የእኔንም ቤት ነገርኳት፤ ስገባ ስለሚቋረጠው ጨዋታ። እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ብዙ ቆየች። ደጃፉ ላይ እንደዚያ የተቀመጥንባቸው ምሽቶች ወለጋ ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ ብቸኝነት ያልተሰማኝባቸው ናቸው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እሷ ራሷ ታመመች። መጀመሪያ ደክሞኝ ነው ብላ ሸሸገችኝ። በማግሥቱ ውሃ ይዛ ስትመጣ ተንገዳገደችና ወደቀች። ትኩሳቱ እጄን ያቃጥለኛል። መድኃኒቱን ስሰጣት ታስታውካለች፤ በመርፌ ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላ መቃዠት ጀመረች፤ በአገሯ ቋንቋ ትናገራለች፣ ትለምናለች፣ ስም እየጠራች ታለቅሳለች። አንዷንም ቃል አላውቃትም። በጨርቅ ግንባሯን እያራስኩ በኦሮምኛ «አለሁ፣ አለሁ» እላታለሁ፤ የሚሰማት አይመስልም። አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ከእኔ እንደዚያ ርቃ አታውቅም።

ባለሱቁ ሮጠው መንገድ ላይ ቆሙ። በቆሎ የጫነ መኪና ሲመጣ ሾፌሩ ቦታ የለኝም አላቸው።

«ጋቢናው ውስጥ ያለው ረዳትህ አይደለም? እሱ ከላይ በቆሎው ላይ ይቀመጥ» አሉት።

«ጋሼ፣ ፈረንጇ መንገድ ላይ ብትሞትብኝ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«እዚህ ብትሞት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ክፈት!»

ከፈተ። ዳገቱን ሙሉ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ዲጋ ልንደርስ ስንል ዓይኗን ገለጠች። ረጅም ጊዜ አየችኝና «ኦቦሌቲ ኮ» አለችኝ። እህቴ ማለት ነው። «ሲስተር»ም እህት ማለት ነው፤ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲባል ሲሰማ የሚውል ሰው ያን ቃል እንዴት እንደሰማሁት ላይገባው ይችላል። እኔን እንደዚያ ብሎ የጠራኝ አልነበረም።

ነቀምት ስንደርስ ሲስተሮቹ ሮጠው ወጡ፣ በቃሬዛ ተሸከሟት፣ አረንጓዴው በር ተከፈተ፣ ገቡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። የታመመ የሚተኛበት ክፍል ያለው ከወዲያ ነው። እኔ ቀሚሴ ላይ ትውከቷ እንዳለ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ክፋት አልነበረም፤ በዚያ ጥድፊያ ማን ልብ ይላል? አዴ ናቸው መጥተው እጄን ይዘው ወጥ ቤት ያስገቡኝ፣ ውሃ አሙቀው ያጠቡኝ።

በማግሥቱ ማዘር ራሳቸው መጥተው በሩን ከፈቱልኝና «ለጥቂት ደቂቃ» አሉኝ። በየቀኑ እንደዚያ ይፈቅዱልኝ ነበር። ዳነች፤ ግን ጉበቷ ተጎድቶ ነበር፤ ማዘር የጻፉለት የአዲስ አበባ ሐኪም አገሯ እንድትመለስ አዘዘ።

በአውሮፕላን ነው የሄደችው። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው ሣር ሜዳ ላይ ነበር፤ ከማረፉ በፊት ከብቶቹን ማባረር ያስፈልጋል። ከብቶቹ ሲባረሩ ቆመን አየን። ኮቷ ሰፍቷት ነበር።

«በምን ቋንቋ እጽፍልሻለሁ?» አለችኝ።

ያሰብኩት ነገር አልነበረም። የምንነጋገርበትን እሷ በየትኛው ፊደል ትጽፈዋለች? እኔስ እንዴት አነበዋለሁ? «ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ተቃቀፍን። ከአንድ ዓመት በኋላ ባሕር ያለበት ፖስት ካርድ መጣልኝ። በላቲን ፊደል፣ እንደሰማችው እንደሰማችው አድርጋ፣ «አካም ቡልቴ» ብላ ጽፋለች። ከዚያ ወዲህ ምንም አልመጣም።

ከሄደች በኋላ ያለው ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ። መጀመሪያ ስመጣ ያጣሁትን አላውቅም ነበር። አሁን ወንበሯ ፊት ለፊቴ አለ። ምግብ የምታቀርበው ሴት ልማድ ሆኖባት ሁለት ሳህን አስቀምጣ ትመለስና አንዱን ታነሳለች። ጊዜ ለመግፋት ከአዴ ጋር ገበያ እወርዳለሁ፤ ኦሮምኛዬ እየተሻሻለ መጥቶ ሴቶቹ ያጫውቱኛል። ግን አንዳንዷን ቃል ስናገር ይሳሳቃሉ። አዴ ምክንያቱን ነገሩኝ፦ «እንደ ፈረንጅ ነው የምትያት።» እውነትም ከእሷ ጋር የተማርኳቸውን ቃላት እሷ እንደምትላቸው አድርጌ ነበር የያዝኳቸው። ላርማቸው አልፈለግሁም።

በዚያ ዓመት ጾም ውስጥ ማዘር አትክልቱ ቦታ ላይ ብቻዬን አገኙኝ። ጎመን እያጠጣሁ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከኛ ጋር መግባት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

«በሩን ማለትዎ ነው?»

ፈገግ አሉ። «ሕይወቱን ማለቴ ነው።»

አስቤ ነበር። በየማታው አስቤ ነበር። ውሃ ማጠጫውን አስቀመጥኩ። «ማዘር፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔን የሚያስመኘኝ ገበታችሁ ነው። አብራችሁ ስትቀመጡ፣ ሳህን ሲንኳኳ ስሰማ። ቃል ኪዳኑን ለገበታ ብዬ ብገባ እግዚአብሔርን ማታለል ይመስለኛል።»

ከዚያ የአትክልቱ አጥር ጥግ ባለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እኛ ስንበላ የምንነጋገር መስሎሻል?» አሉኝ። «አንዷ መንፈሳዊ መጽሐፍ ታነባለች፤ ሌሎቻችን ዝም ብለን እንበላለን። በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ከማዋራት ሰው ጋር ከተቀመጥኩ ስንት ጊዜዬ መሰለሽ። የኔን መንደር የሚያውቅ እዚህ የለም። ይኸን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ከበሩ ወዲያ ብቸኝነት የለም ብለሽ እንዳታስቢ ነው።»

እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጎመኑን እያየን፣ አፈሩ ውሃውን ሲመጥ እየሰማን፣ ደወሉ እስኪደወል ቆየን። ሲነሱ ክንዴን ይዘው ተደገፉና «እሁድ ምሳ ከኛ ጋር ትበያለሽ። እሁድ እሁድ መነጋገር ይፈቀዳል» አሉኝ።

በልቼም አየሁት። የመጀመሪያው እሁድ ሁላችንም ተፋፈርን። እየቆየ ግን ሲስተሮቹ እኔን ኦሮምኛ ይጠይቁኝ ጀመር፤ እኔም የማውቀውን፣ እንደማውቀው አድርጌ አስተማርኳቸው። ሌሎቹ ቀናት እንደነበሩት ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቆየሁ። በነርስነት የሠለጠነች አንዲት ሐበሻ ሲስተር ስትመጣ የእኔ ሥራ አበቃ። ማንም ሂጂ አላለኝም፤ ጊምቢ ለመንግሥት ክሊኒክ ድሬሰር ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ራሴ አመለከትኩ። እዚያ ቤት ተከራየሁ፣ ደሞዝ በላሁ፣ ሰው ሲጠይቀኝም የምለው ነገር አገኘሁ። አባቴ አንድ ጊዜ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ክሊኒኩን ዞሮ አየና «ጥሩ ነው» ብሎ ተመለሰ። አላገባሁም። እንዲያ ሆኖ ቀረ እንጂ አስቤበት አይደለም።

ማዘር የሞቱት እኔ ጊምቢ እያለሁ ነው። መርዶውን የሰማሁት ከአንድ ሾፌር ነበር፤ በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነቀምት ደረስኩ። ጸሎት ቤቱ ስላልበቃ አስከሬኑን ግቢው ውስጥ አኑረውታል። የአዴ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተዋል፤ ቀሳውስት መጥተዋል፤ ባለሱቆቹ ሱቃቸውን ዘግተው ከነሙስሊሙ አጥሩ ሥር ቆመዋል። ሲስተሮቹ ከሬሳው አጠገብ ናቸው። እኔ ከከተማው ሴቶች መሀል ቆምኩ። ማንም ወደዚያ ሂጂ አላለኝም፤ እኔም አልሄድኩም።

አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት ሳለቅስ አይታ ትከሻዬን ያዘችኝና በኦሮምኛ «እናትሽ ነበሩ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ነጠላዋን አውልቃ አንገቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ፤ ብርድ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ልመልስላት ብፈልጋት ሄዳለች። በዚያው ከሰዓት ወደ ጊምቢ የሚሄድ መኪና ስላገኘሁ ተሳፈርኩ፤ በማግሥቱ የክትባት ቀን ስለነበር ሥራ መግባት ነበረብኝ። መኪናው ግማሹ ባዶ ነበር። ሾፌሩ ከፊት ኑ ብሎ ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ፣ እኔ የማላውቃትን ሴት ነጠላ እንደተከናነብኩ ከኋላ፣ መስኮቱ ጥግ፣ ቁጭ አልኩ።